የጓሮ ዶሮ የትል መድኃኒት፦ የትኛው ለየትኛው ትል፣ እንቁላሉስ መቼ ይበላል?

እንስሳት መድኃኒት ቤት ገብታችሁ «የዶሮ የትል መድኃኒት አለ?» ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ «አለ» ነው። የሚሰጣችሁ ግን አንዳንዴ የበግ ክኒን፣ አንዳንዴ የከብት መርፌ፣ አንዳንዴ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዱቄት ነው። ሦስቱም የትል መድኃኒት ናቸው። የሚገድሉት ትል ግን አንድ አይደለም። መጠናቸውም፣ እንቁላል ውስጥ የሚተዉት ቅሪትም ለየቅል ነው።

ይህን የጻፍኩት በጓሮው አምስት፣ አሥር፣ ሃያ ዶሮ ለሚያረባ ሰው ነው። የማርካ ስም አላነሳም። ማርካው በየጊዜው ይቀያየራል። ካርቶኑ ላይ ልታነቡት የሚገባው በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስምና የሚሊግራሙን ቁጥር ነው።

ለመሆኑ ትል ነው ወይ?

የከሳች፣ ላባዋ የተንጨባረረ፣ እንቁላል የቀነሰች ዶሮ ሁሉ ትል አለባት ማለት አይደለም። መኖ ሲያንስም፣ ቅማል ሲበዛም እንዲሁ ትሆናለች።

ከ3 እስከ 6 ሳምንት የሆናቸው ጫጩቶች ደም የተቀላቀለበት ኩስ ከጣሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮክሲዲዮሲስ ነው። እሱ በዓይን የማይታይ ሌላ ጥገኛ ነው። የትል መድኃኒት ጨርሶ አይነካውም፤ የሚታከመው እንደ አምፕሮሊየም ባሉ መድኃኒቶች ነው። ዶሮዎቹ በአንድ ሰሞን ግር ብለው ካለቁ፣ ተቅማጡ አረንጓዴ ከሆነ፣ አንገታቸው ከተጠማዘዘ ደግሞ ነገሩ ፈንግል ሳይሆን አይቀርም። ለፈንግል ክትባት እንጂ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። በእነዚህ ሁለቱ ጊዜ የትል ክኒን እየሰጡ ቀን መፍጀት ጫጩቱንም ብሩንም ማጣት ነው።

ትል ከሆነ ደግሞ የትኛው ትል? ለጓሮ አርቢ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ወስፋት፦ ነጭ፣ ክብ፣ ስፓጌቲ የሚመስል ትል ነው። 10 ሳንቲሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። እንቁላሉ ከኩስ ጋር ወጥቶ እርጥብ መሬት ላይ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሲቆይ ሌላ ዶሮ ለመያዝ ይደርሳል። ዶሮዋ ከዋጠችው በኋላ አድጎ ራሱ እንቁላል ለመጣል ከ5 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል። ይህን የመጨረሻ ቁጥር ያዙልኝ፤ መድኃኒቱ መቼ ይደገም የሚለው ላይ ያስፈልገናል።

የኮሶ ትል፦ ጠፍጣፋና የተቀጣጠለ ነው። ቁርጥራጩ ኩስ ላይ የሩዝ ፍሬ መስሎ ይታያል። ከዶሮ ወደ ዶሮ በቀጥታ አይተላለፍም። ጉንዳን፣ ጥንዚዛ፣ ዝንብ ወይም ቀንድ አውጣ መሀል ይገባል። ነፍሳት ለቅሞ የሚውል የሐበሻ ዶሮ ላይ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

የዕውር አንጀት ትል፦ 1 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነች ቀጭን ትል ናት። ዶሮን ብዙም አትጎዳም። ቱርክ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ የሚገድል ሌላ ጥገኛ ተሸክማ ስለምትዞር ግን ዶሮና ቱርክ አንድ ግቢ የሚያረባ ሰው ሊንቃት አይገባም።

የፀጉር ትል፦ ስሙ እንደሚለው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ በዓይን አይያዝም ማለት ይቻላል። ከመጠኑ በላይ ይጎዳል፣ ያከሳል።

ለማወቅ ጥሩው መንገድ የማለዳ ትኩስ ኩስ በንጹሕ ዕቃ ይዞ ማይክሮስኮፕ ወዳለው የወረዳ እንስሳት ክሊኒክ ወይም ላቦራቶሪ መሄድ ነው። ሌላም ዘዴ አለ፤ ምንም አያስወጣም። ለበዓል ዶሮ ስታርዱ አንጀቱን ከመጣላችሁ በፊት በምላጭ ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቁትና ውሃ ውስጥ ዘርግታችሁ እዩት። ወስፋትና የኮሶ ትል ካለ በግልጽ ይታያል። ከአንድ ግቢ የዋሉ ዶሮዎች ናቸውና የአንዷ አንጀት ስለሌሎቹ ብዙ ይናገራል።

በምን በምን እንመዝናቸው?

ዋጋ የመጨረሻው መመዘኛ መሆን አለበት። ለአሥር ዶሮ የሚሆን የትል መድኃኒት ዋጋ ከመድኃኒቱ በኋላ ከምትጥሉት እንቁላል ዋጋ ሲያንስ ነው የሚታየው። ስለዚህ እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማያቸው።

አንደኛ፣ ያለብኝን ትል ይገድላል ወይ? ሁለተኛ፣ እንቁላሉና ሥጋው ለስንት ቀን አይበላም? ሦስተኛ፣ መጠኑን ብሳሳት ዶሮዋ ምን ትሆናለች? አራተኛ፣ ለትንሽ ዶሮ የሚሆን መጠን ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል ወይ? አምስተኛ፣ ለዶሮ ተብሎ የተመዘገበ ነው ወይስ የበግና የከብት? ዋጋው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አልቤንዳዞል

ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይሄንን ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት። የበግና የፍየሉ ክኒን 300 ሚሊግራም፣ የከብቱ 2500 ሚሊግራም ሆኖ ይሸጣል። ፈሳሽም አለ። ጥሩ ጎኑ ስፋቱ ነው፤ ወስፋትንም፣ የዕውር አንጀት ትልንም፣ መጠኑ ከፍ ሲል የኮሶ ትልንም ይነካል። በዚያ ላይ ርካሽ ነው።

በዶሮ ላይ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መጠን ለክብ ትሎች በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ የኮሶ ትል ሲኖር በኪሎ 20 ሚሊግራም አካባቢ ነው። እስቲ እናስላው። አሥር የሐበሻ ዶሮዎች አሏችሁ እንበል፤ በአማካይ እያንዳንዳቸው 1.5 ኪሎ ይመዝናሉ። በድምሩ 15 ኪሎ። 15 በ20 ሲባዛ 300 ሚሊግራም። አንዷ የበግ ክኒን ለአሥሩም ትበቃለች ማለት ነው! በየሰፈሩ ግን «አንድ ለአንድ» እየተባለ ስትሰጥ እንሰማለን። ያ ከሚገባው አሥር እጥፍ ነው። የከብቱን ክኒን ቆርሶ ለዶሮ ማካፈል ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ ፍርፋሪውን በእኩል ማካፈል አይቻልም።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር፣ አልቤንዳዞል ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ፈጭታችሁ መጠጫ ውስጥ ብትጨምሩት ከሥር ይዘቅጣል። ከላይ የጠጣችው ባዶ ውሃ ትጠጣለች፤ የመጨረሻዋ ዝቃጩን ሁሉ ትወስዳለች። ስለዚህ ፈሳሹን ገዝቶ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ለእያንዳንዷ በአፍ መስጠት ይሻላል። የ2.5 በመቶው ፈሳሽ በአንድ ሚሊሊትር 25 ሚሊግራም አለው። ለ1.5 ኪሎ ዶሮ በኪሎ 20 ብንሄድ 1.2 ሚሊሊትር ይሆናል። 10 በመቶው ከሆነ 0.3 ሚሊሊትር። ጠርሙሱ ላይ ያለውን በመቶኛ ሳያዩ መስጠት የአራት እጥፍ ስህተት ማለት ነው።

ድክመቱ እንቁላሉ ላይ ነው። አብዛኛው አልቤንዳዞል ለበግና ለከብት የተዘጋጀ ስለሆነ ወረቀቱ ስለ እንቁላል ምንም አይልም። ሐኪም ሌላ ካላለኝ እኔ ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ። ፅንስን የመጉዳት ጠባይ ስላለው ለምታስታቅፉት እንቁላል ጥሩ ምርጫ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴትም ባትነካው ይሻላል።

ፌንቤንዳዞልና ፍሉቤንዳዞል

የአልቤንዳዞል ዘመዶች ናቸው። በመመዘኛዎቼ ብቻ ብሄድ አንደኛ የማወጣው ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀውን ፌንቤንዳዞል ነው። በውሃ የሚሰጠው ዓይነት በኪሎ 1 ሚሊግራም በቀን፣ ለ5 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። በዚህ መጠን ሲሰጥ በአውሮፓም በአሜሪካም እንቁላሉን መጣል አይጠየቅም። ፍሉቤንዳዞል በአውሮፓ ለ7 ቀን ከመኖ ጋር ይሰጣል፤ እሱም በእንቁላል በኩል እንዲሁ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ የጓሮ አርቢዎች ከእነዚህ ብትጀምሩ ጥሩ ነው፤ ፈቃዱ እንደየአገሩ ስለሚለያይ መለያውን አንብቡ።

እዚህ አገር ችግሩ መገኘቱ ነው። በቀላሉ የሚገኘው ለከብትና ለበግ የመጣው ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ «እንቁላሉ ይበላል» የሚለው ወደ ከብቱ ክኒን አይተላለፍም። ያ ፈቃድ የተሰጠው ለዚያ አዘገጃጀትና ለዚያ ትንሽ መጠን ነው። የከብቱም ክኒን እንደ አልቤንዳዞል ውሃ ላይ ይዘቅጣል። ዶሮዎቹ ላባ በሚቀይሩበት ሰሞን ቢቆይ ደግሞ ይመረጣል፤ በተለይ እርግብ የሚያረባ ሰው ይጠንቀቅ፣ በእሷ ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው።

ፒፕራዚን

አሮጌ መድኃኒት ነው፣ ግን ሰነፍ አይደለም። ወስፋትን ያደነዝዘውና አንጀት ላይ መያዝ ያቅተዋል፤ ከኩስ ጋር ይወጣል። ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ለዶሮዋ ገር ነው፤ ትንሽ ብትሳሳቱ ይቅር ይላል። የተለመደው መጠን ከ6 ሳምንት በላይ ለሆነች ዶሮ 100 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነች 50 ሚሊግራም ነው።

ጠባብ መሆኑ ግን እውነት ነው። የሚሠራው ለወስፋት ነው፤ ያውም ለጎልማሳው። የኮሶ ትልን አይነካም። አንጀት ግድግዳ ውስጥ ያለውን ልጅ ወስፋትም ስለማያገኘው፣ ያ ልጅ አድጎ እንቁላል ለመጣል 5 ሳምንት ሳይሞላው፣ ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ መደገም አለበት። የወጣው ትል በሕይወት ሊኖር ስለሚችል በማግስቱ ቤቱን ጠርጉ፤ ዶሮ ትል ካየች አትምርም። በአሜሪካ እንቁላሏ ለምግብ ለሚውል ዶሮ እንዳይሰጥ መለያው ላይ ይከለክላል፤ ለሥጋም 14 ቀን መጠበቅ ያዛል። ስለዚህ ለእንቁላል ጣይ ሳይሆን ገና መጣል ላልጀመረች ቄብ ተስማሚ ነው።

ሌቫሚሶልና ቴትራሚሶል

እነዚህ የወስፋትና የሌሎች ክብ ትሎች መድኃኒት ናቸው። ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ፣ ፈጥነው ይሠራሉ። የኮሶ ትል ላይ አይተማመኑባቸው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ቴትራሚሶል ድብልቅ ነው፣ ትል የሚገድለው ግማሹ ሌቫሚሶል ይባላል። የአንዱን መጠን ለሌላው መጠቀም ወይ ማነስ ወይ መብዛት ያመጣል።

መጠናቸውን መሳሳት እንደ አልቤንዳዞል አይታለፍም። ሲበዛ ዶሮዋ ትንገዳገዳለች፣ ትደበራለች፣ ልትሞትም ትችላለች። ሲሪንጅና ሚዛን የሌለው ሰው ባይነካቸው ደስ ይለኛል። ገበያ ላይ ለጉበት ትል ከሚሰጥ መድኃኒት ጋር ተደባልቀው የሚሸጡም አሉ። እነሱ ለከብትና ለበግ ናቸው፤ ለዶሮ አትግዙ።

አይቨርሜክቲን

«ትልም ቅማልም ይገድላል» እየተባለ የሚሸጥ የከብት መርፌ ነው። ለጓሮ ዶሮ አልመክረውም። ምክንያቴን ላስረዳ። የኮሶ ትልን አይነካም፤ የዶሮ ወስፋት ላይም እምብዛም አይታመንም። የ1 በመቶው መርፌ በአንድ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም አለው፤ በተለመደው የከብት መጠን ለ1.5 ኪሎ ዶሮ ብናሰላው 0.03 ሚሊሊትር ይመጣል። ይህን በተራ ሲሪንጅ ማን ይለካዋል? በመጨረሻም ስብ ወዳድ ስለሆነ አስኳሉ ውስጥ ገብቶ ይቆያል። ለቤተሰብ እንቁላል የምታረቡ ከሆነ ይለፋችሁ።

ፕራዚኳንቴል

ለኮሶ ትል ብቻ ነው፤ በዚያ ግን ጎበዝ ነው። ውድ ነው፣ ለእንቁላል ጣይ የተዘጋጀ አይደለም። ሐኪም ኩሱን አይቶ ካዘዘው በስተቀር አትሂዱበት።

ኮሶ፣ መተሬ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት

ኮሶ፣ መተሬና እንቆቆ በአገራችን ለሰው የኮሶ ትል ሲሰጡ የኖሩ ናቸው፤ ባዶ ወሬ አይደሉም። ኮሶ ሲበዛ ሰውን እንኳ እንደሚጎዳ አያቶቻችን ያውቁታል። ለዶሮ ስንት ይሰጣል የሚለው ግን የተረጋገጠ መጠን የለውም፤ የአንዱ ተክል ከሌላው ይጠነክራል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በመኖ ላይ ጣል ቢደረግ አይከፋም፤ በትል የተሞላችን ዶሮ ያጸዳል ብሎ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው። አረቄ ማጋቱ ይቅር።

በአጭሩ

| መድኃኒት | ወስፋት | የኮሶ ትል | አሰጣጥ | መጠን ቢሳሳቱ | እንቁላል | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| አልቤንዳዞል | ጥሩ | በከፍተኛው መጠን | በአፍ፣ አንድ በአንድ | መካከለኛ | ሐኪም ካላሳጠረው 2 ሳምንት ይጠበቅ | ርካሽ |
| ፌንቤንዳዞል፣ ለዶሮ የተዘጋጀው | በጣም ጥሩ | አይታመንም | በውሃ፣ 5 ቀን | ገር | በመለያው መሠረት ይበላል | ውድ |
| ፒፕራዚን | ጎልማሳውን ብቻ | አይሠራም | በውሃ | ገር | ለቄብ እንጂ ለጣይ አይመረጥም | ርካሽ |
| ሌቫሚሶል | ጥሩ | አይሠራም | በውሃ ወይም በአፍ | አደገኛ | ሐኪም ይወስን | መካከለኛ |
| አይቨርሜክቲን | ደካማ | አይሠራም | ለመለካት አስቸጋሪ | አደገኛ | ረጅም ጊዜ ይቆያል | ርካሽ |
| ፕራዚኳንቴል | አይሠራም | በጣም ጥሩ | በአፍ፣ በሐኪም | ገር | ሐኪም ይወስን | ውድ |

እናንተስ የትኛው ናችሁ?

*ለቤት ፍጆታ አምስት ስድስት የሐበሻ ዶሮ ያለው።* ዶሮዎቹ ግቢ ሙሉ እየዞሩ ይለቅማሉ፤ የኮሶ ትልም ወስፋትም ሳይኖር አይቀርም። የአልቤንዳዞል ፈሳሽ፣ በሲሪንጅ፣ አንድ በአንድ። እንቁላሉን ሁለት ሳምንት አትብሉ።

*ሳሶ ወይም ቦቫንስ (የውጭ ዝርያ ዶሮዎች) ይዞ እንቁላል የሚሸጥ።* ለዶሮ የተዘጋጀ ፌንቤንዳዞል ካገኛችሁ ውድ ቢሆንም ግዙት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አሥራ አምስት ጣይ ዶሮዎች በሁለት ሳምንት የሚጥሉትን እንቁላል በገበያ ዋጋ አባዙት፤ ከመድኃኒቱ ልዩነት ጋር አወዳድሩት። ካላገኛችሁ አልቤንዳዞል፣ ግን በጾም ሰሞን። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

*ገና የ2 ወይም የ3 ወር ቄብ የገዛ።* በወስፋት በብርቱ የሚጎዱት እነዚህ ናቸው፤ ከ3 ወር በኋላ ዶሮ ራሷ እየተቋቋመችው ትሄዳለች። ፒፕራዚን፣ ከ3 ሳምንት በኋላ መድገም፣ እንቁላል ሳይጀምሩ መጨረስ። የፈንግል ክትባት ቀጠሮ ካለ ትሉን ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አውጡ፤ በትል የደከመች ዶሮ ክትባቱን በደንብ አትቀበልም።

*ዶሮና ቱርክ አንድ ላይ የሚያረባ።* የዕውር አንጀት ትልን የሚያገኝ መድኃኒት ያስፈልጋችኋል፤ አልቤንዳዞል ወይም ፌንቤንዳዞል። ከሁሉም በላይ ግን ግቢውን ለዩት።

*ብር የሌለው።* በመርካቶም በገጠር ገበያም በፌስታል ተቋጥሮ፣ ስም የሌለው ክኒን ይሸጣል። እሱን ከመግዛት ኩሱን በየቀኑ መጥረግ፣ እርጥቡን ሰጋቱራ መቀየር፣ ጫጩቱን ከጎልማሳው መለየት ይበልጣል። የወስፋት እንቁላል በተራ በረኪና አይሞትም፤ ፀሐይና ደረቅ መሬት ግን ይጨርሱታል።

መቼ?

የጾም ካሌንደሩ እዚህ ላይ ይረዳል። በጾም የእንቁላል ገበያ ስለሚቀዘቅዝ እንቁላል መጣሉ ያን ያህል አያንገበግብም። ከሁሉ የሚመቸው የነቢያት ጾም ነው፤ ክረምቱ አልፏል፣ ትሉም ዶሮው ውስጥ ተከማችቷል። ኅዳር 20 ብትሰጡ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ታኅሣሥ 11 ብትደግሙ፣ ሁለት ሳምንት ሲቆጠር ታኅሣሥ 25 ይሆናል። ለገና ዶሮውም እንቁላሉም ንጹሕ ነው። ዐቢይ ጾምም 55 ቀን ስለሆነ ለሁለት ዙር ይበቃል፤ ሁለተኛውን ከፋሲካ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጨርሱ።

ፍልሰታ ግን ያታልላል። ነሐሴ 1 ብትጀምሩ ድግሚያው ነሐሴ 22 ላይ ይውላል፤ ሁለት ሳምንቱ እንቁጣጣሽ ላይ ገጭ ይላል። ለበዓል ዶሮ የምትሸጡ ከሆነ አንዱን ዙር ተዉት ወይም ሰኔ ላይ ቀደም ብላችሁ ስጡ። ለበዓል ሊሸጥ አንድ ሳምንት የቀረውን አውራ ዶሮ «እንዲወፍር» ብሎ የትል መድኃኒት መስጠት በገዢው ጤና መጫወት ነው።

ስትሰጡ

ዶሮዋን ዘንቢል ውስጥ አድርጋችሁ በተንጠልጣይ ሚዛን መዝኑ። በዓይን ግምት የሐበሻ ዶሮና ሳሶ ያሳስታሉ፤ አንዷ 1.2 ኪሎ፣ ሌላዋ ከ2 ኪሎ በላይ ልትሆን ትችላለች። ማብዛት ዶሮዋን ይጎዳል፣ ማሳነስ ደግሞ መድኃኒቱን የለመደ ትል ያፈራል።

በውሃ የሚሰጥ ከሆነ ማታ መጠጫውን አንሱ፣ ጠዋት በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሚጨርሱት ውሃ ብቻ አሟሙታችሁ ስጡ። ሌላ ውሃ አይኑር፤ የጣሪያ ጠብታ እንኳ። የታመመችዋ ብዙ ጊዜ ውሃ አትጠጣም፤ በጣም የምትፈልገው እሷ ስለሆነች ለእሷ በአፍ ስጡ። በአፍ ስትሰጡ ሲሪንጁን ከምንቃሯ ጎን አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ጠብ አድርጉ። ቸኩላችሁ ብትገፉት ሳንባዋ ይገባል።

የሚጣለውን እንቁላል ለውሻም ለአሳማም አትስጡ፤ ቅበሩት። ሲሪንጁ ከኩሽና ይራቅ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ከሰጣችሁ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ኩሱን እንደገና አስመርምሩ። የትሉ እንቁላል ካልቀነሰ መጠኑ አንሶ፣ መድኃኒቱ አርጅቶ ወይም ትሉ ለምዶት ይሆናል። መቀየር ካስፈለገ ከአልቤንዳዞል ወደ ፌንቤንዳዞል መሄድ መቀየር አይባልም፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ወደ ሌቫሚሶል ወይም ፒፕራዚን ዝለሉ። የሩዝ ፍሬ የሚመስለው ነገር ብቻ ተመልሶ ከታየ ግን መድኃኒቱን ከመቀየራችሁ በፊት ዶሮ ቤቱ አጠገብ ያለውን የጉንዳን ጉድጓድና የዝንብ መራቢያ ፈልጉ።